ቲ ሴሎችና የማያልቀው የቫይረስ ትግል

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የምንገኝ ኢትዮጵያውያን የመኖሪያ ፈቃድ ስንጠይቅ ደማችን ለኤች.አይ.ቪ. ይመረመራል። ለቤት ሠራተኝነት የሚመጡ እህቶቻችን በተጨማሪ ለጉበት ቫይረስ፣ ማለትም ለሄፓታይተስ ቢ ይመረመራሉ። «ቫይረሱ አለብሽ» የተባለች እህት አስቀድማ የምትጠይቀው «አንድም ቀን ሳልታመም እንዴት?» ብላ ነው። የዛሬው ጥናታችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

ሀ. አጭሩ ትግል

ጉንፋን ሲይዘን፣ ከነጭ የደም ሴሎች ወገን የሆኑት ቲ ሴሎች በብዛት ይራባሉ። ሲዲ 4 የሚባሉት ያስተባብራሉ፤ ሲዲ 8 የሚባሉት ቫይረስ የገባበትን ሴል ይገድላሉ። ቫይረሱ ሲጠፋ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ጠላትን ለማስታወስ ይቀራሉ።

ለ. ረጅሙ ትግል

ቫይረሱ ከሰውነት ካልወጣ ግን ዕረፍት ያጣው ቲ ሴል ይደክማል። የመራባት፣ መልእክት የመላክና የመግደል ኃይሉ ይቀንሳል። ፒዲ 1 የሚባል፣ እንደ ፍሬን የሚይዘው ፕሮቲንም በላዩ ይበዛል። ይህ ድካም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ተጠና፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ፒዲ 1 ኤች.አይ.ቪ. ባለባቸው ሰዎች ቲ ሴሎች ላይ በዝቶ ታየ።

ፍሬኑ ግን ጉዳት ብቻ አይደለም። በሄፓታይተስ ቢ ጉበትን በዋናነት የሚጎዳው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን የቲ ሴሎች ጥቃት ነው። ጥቃቱ ሲበርድ ሰው ጤነኛ ነኝ ይላል፤ ቫይረሱ ግን አለ፤ ከዓመታት በኋላም የጉበት መጠንከርን ወይም ካንሰርን ሊያመጣ ይችላል። ለእህታችን ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ሕመም አለመሰማት የቫይረስ አለመኖር ማስረጃ አይሆንም።

ሐ. ከአገራችን የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮ-ኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂንና የወንጂን ፋብሪካ ሠራተኞች አጥንቷል። ከኤች.አይ.ቪ. ነፃ በሆኑት ኢትዮጵያውያን የሲዲ 4 ቁጥር በአማካይ 775 ገደማ ሲሆን፣ በኔዘርላንዳውያን 993 ገደማ ነበር። ስለዚህ የአንዱ አገር ሠንጠረዥ ለሌላው እንዳለ አይሠራም፤ ዝቅ ያለ ቁጥር ብቻውን በሽታን አያመለክትም።

መ. ምን እናድርግ?

የደከመ ቲ ሴል የተሸነፈ አይደለም፤ ቫይረሱን በከፊል ይዞ ይቆያል። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ቫይረሱን ሲገታ የሲዲ 4 ቁጥር መልሶ ይጨምራል፤ መድኃኒቱ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ሄፓታይተስ ቢንም የሚገታ መድኃኒት አለ። ስለዚህ ወደ አገሯ የምትመለስ እህት «አበቃልኝ» ብላ እንዳትቀመጥ፣ ሐኪም ዘንድ ቀርባ ክትትል እንድትጀምር እንንገራት።

እኛስ? የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን አልተከተብንም። ተመርምረን፣ ቫይረሱ ከሌለብን ሦስቱን መርፌ እንጨርስ።

ለውይይት፦
1. ቲ ሴሎች ባይደክሙ ኖሮ ጉበት ምን ይሆን ነበር?
2. ውጤቷን ሰምታ ለደነገጠች እህት በመጀመሪያ ምን እንላታለን?