የልብ ወለድ ግዙፍ እንዴት ይለካል? የኪንግ ኮንግ ጎሪላና የመስፈርት ስሌት

አንድን ድልድይ ወይም ሕንፃ አሳንሰን ሞዴል ለመሥራት ስንነሣ የመጀመሪያው ተግባራችን እውነተኛውን ነገር መለካት ነው። በልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ብቻ የሚገኘውን ነገር ግን ማን ይለካዋል? በዓለም ላይ የለምና ሜትር አይዘረጋበትም። ሆኖም ለትያትር ወይም ለፊልም የሚሠራ እንዲህ ያለ ቁስ ልኬቱ በግምት ብቻ የተወሰነ እንደሆነ የተመልካች ዓይን ጉድለቱን ለማስተዋል ጊዜ አይፈጅበትም። በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1933 ለእይታ የበቃውን «ኪንግ ኮንግ» የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም ምሳሌ አድርገን፣ የሌለ ነገር ልኬት እንዴት እንደሚሰላ እንመለከታለን። ለስሌቱ የሚያስፈልገን ሒሳብና ፊዚክስ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የዘለለ አይደለም።

የፊልሙ ታሪክ በሩቅ ደሴት ላይ ስለተገኘና ወደ ኒውዮርክ ስለተወሰደ ግዙፍ ጎሪላ ይናገራል። በብዙዎቹ ትዕይንቶች ላይ የሚታየው «ግዙፍ» ግን ቁመቱ 18 ኢንች፣ ማለትም 46 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ አሻንጉሊት ነበር። ማርሴል ዴልጋዶ የተባለው ባለሙያ መገጣጠሚያ ባለው የብረት አጽም ላይ ሥጋውን አበጅቶ የጥንቸል ቆዳ አለበሰው። ዊሊስ ኦብራየንና ባልደረቦቹ ደግሞ አሻንጉሊቱን ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሱ፣ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ አንድ ምስል እያነሡ ሕይወት ያለው አስመሰሉት።

የመነሻ ልኬት

ለማይታወቅ ነገር መጠን የምንሰጠው ከሚታወቅ ነገር ጋር በማነጻጸር ነው። በትዕይንት ሥራ ውስጥ ዋነኛው የሚታወቅ ነገር የሰው አካል ነው፤ ተመልካቹ የሰውን ቁመት ሳይለካ ያውቀዋልና። የፊልሙ ሠሪዎች በደሴቱ ትዕይንቶች ጎሪላው 18 ጫማ ቁመት እንዲኖረው ወሰኑ። አንድ ጫማ 30.48 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ይህ ወደ 5.5 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ቁመቱ 160 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሰው በ3.4 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ባለ 18 ጫማው ፍጡር በባለ 18 ኢንች አሻንጉሊት ሲወከል እያንዳንዱ ጫማ አንድ ኢንች ይሆናል። አንድ ጫማ 12 ኢንች ነውና መስፈርቱ፣ በተለምዶ እስኬል የምንለው፣ 1፡12 ነው። ከዚህ በኋላ በዙሪያው ያለው ሁሉ ለዚህ ቁጥር ይገዛል። 160 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላት ሴት 160 ÷ 12 = 13.3 ሴንቲ ሜትር በሆነች አሻንጉሊት ትወከላለች፤ 12 ሜትር ከፍታ ያለው ዛፍም 1 ሜትር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምንጠቀምበት ጥሬ ዕቃ ከመስፈርቱ ጋር አብሮ አያንስም። የለበሰው የእንስሳ ፀጉር 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለተመልካቹ 1.5 × 12 = 18 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ፀጉር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ዕቃ ከመምረጣችን በፊት ልኬቱን በመስፈርቱ አባዝተን ውጤቱ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባናል።

ርዝመት፣ ስፋትና ይዘት

ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት መስፈርቱ 1፡12 ከሆነ ሁሉም ነገር ለ12 ይካፈላል ብለው ሲያስቡ ነው። ለ12 የሚካፈለው ርዝመት ብቻ ነው። የቆዳው ስፋት ለ12 × 12 = 144 ይካፈላል፤ ይዘቱና፣ ቁሱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ክብደቱ ደግሞ ለ12 × 12 × 12 = 1,728 ይካፈላል።

ይህን በጎሪላው ላይ እንሞክረው። ቆሞ ሲለካ 1.7 ሜትር የሚሆንና 160 ኪሎ ግራም የሚመዝን እውነተኛ ወንድ ጎሪላ እንውሰድ። በፊልሙ ያለው ፍጡር በቁመት 3.23 እጥፍ ስለሚበልጠው ክብደቱ 160 × 3.23 × 3.23 × 3.23፣ ማለትም ወደ 5,400 ኪሎ ግራም ይጠጋል። የእግሩ አጥንት ቢቆረጥ የሚታየው ስፋት ግን የሚያድገው 3.23 × 3.23 = 10.4 እጥፍ ብቻ ነው። ክብደቱ ወደ 34 እጥፍ አድጎ ተሸካሚው አጥንት 10.4 እጥፍ ብቻ ካደገ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር አጥንት ላይ የሚያርፈው ሸክም 3.23 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ግዙፍ እንስሳ የትንሹን እንስሳ ቅርጽ እንደያዘ ቢያድግ አጥንቱ አይችለውም፤ ስለዚህ አጥንቱ ከቁመቱ ይልቅ በውፍረት መጨመር አለበት።

መስፈርቱን አውቆ መስበር

ታሪኩ ወደ ኒውዮርክ ሲሻገር አዲስ ችግር ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1931 የተመረቀው የኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ጣሪያው 381 ሜትር ላይ ነው። ባለ 5.5 ሜትሩ ጎሪላ የሕንፃው አንድ ስልሳ ዘጠነኛ ብቻ ይሆናል፤ አስፈሪነቱ ቀርቶ እንደ ነቁጥ ይታይ ነበር። ስለዚህ በከተማው ትዕይንቶች ቁመቱ ወደ 24 ጫማ፣ ማለትም ወደ 7.3 ሜትር ከፍ እንዲል ተደረገ።

እንዲህ ያለውን ለውጥ በሁለት መንገድ ማስላት ይቻላል። አንደኛው መስፈርቱን 1፡12 እንደሆነ ጠብቆ አሻንጉሊቱን 24 ኢንች ማድረግ ነው። ሁለተኛው ባለ 18 ኢንቹን አሻንጉሊት ሳይነኩ ዙሪያውን ማሳነስ ነው፤ 24 ጫማ 288 ኢንች ስለሆነ፣ 288 ÷ 18 = 16፣ መስፈርቱ 1፡16 ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሴቲቱ ከ13.3 ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ትወርዳለች።

ቁመቱ የጨመረው በአንድ ሦስተኛ ብቻ ነው፤ ክብደቱ ግን 64 ÷ 27 = 2.37 እጥፍ ሆነ። የፊልሙ ማስታወቂያዎች ደግሞ 50 ጫማ ብለው ነበር። ያ እውነት ቢሆን ኖሮ ጎሪላው በደሴቱ ላይ ካየነው 21 ጊዜ ይከብድ ነበር። በቃል ሲነገር ቀላል የሚመስል ጭማሪ በስሌት ምን ያህል እንደሚገዝፍ ከዚህ እንረዳለን።

ጊዜም መስፈርት አለው

አሻንጉሊቱን ጥቂት በጥቂት የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ፍጥነቱን ራሱ ይወስናል። ውኃ፣ ፍርስራሽና የሚወድቅ ድንጋይ ግን የሚታዘዙት ለመሬት ስበት ነው፤ ስበትንም ማሳነስ አይቻልም። ከ20 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ድንጋይ፣ የአየርን ተቃውሞ ትተን የስበቱን ፍጥንጥነት 10 ሜትር በሰከንድ ካሬ ብንወስድ፣ መሬት የሚደርሰው በ2 ሰከንድ ነው። በ1፡16 ሞዴል ከፍታው 1.25 ሜትር ሲሆን ድንጋዩ የሚወድቀው በ0.5 ሰከንድ ነው። ርዝመቱ 16 ጊዜ ሲያንስ ጊዜው ያነሰው 4 ጊዜ ነው፤ 4 ደግሞ የ16 ስኩዌር ሩት ነው።

ስለሆነም በሰከንድ 24 ምስል በሚያሳይ ፊልም የ1፡16ን ፍርስራሽ በሰከንድ 24 × 4 = 96 ምስል ማንሣት ይገባል። ይህ ካልተደረገ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የወደቀው ነገር አሻንጉሊት መሆኑን አወዳደቁ ይመሰክርበታል።

በአጭሩ

መስፈርቱ አንድ ቁጥር ቢሆንም አካፋዮቹ አራት ናቸው፦ ለርዝመት ራሱ ቁጥሩ፣ ለስፋት ካሬው፣ ለይዘትና ለክብደት ኪዩቡ፣ በስበት ለሚወድቅ ነገር ጊዜ ደግሞ ስኩዌር ሩቱ። የኪንግ ኮንግ ሠሪዎች መስፈርታቸውን በመሀል ለውጠዋል፤ የለወጡት ግን በምን ያህልና ለምን እንደሆነ አውቀው ነው። ሕግን ጠንቅቆ ማወቅ የሚጠቅመው ለመጠበቅ ብቻ ሳይሆን፣ ሲያስፈልግ በልክ ለመተላለፍም ጭምር ነው።

መልመጃ

የትያትር ክበባችሁ በተረት የሚነገር የ9 ሜትር ሐውልት በ60 ሴንቲ ሜትር ሞዴል ሊሠራ አስቧል እንበል። (ሀ) መስፈርቱ ስንት ነው? (ለ) በአጠገቡ የሚቆም የ165 ሴንቲ ሜትር ሰው ስንት ሴንቲ ሜትር ይሆናል? (ሐ) ሐውልቱን ለመሸፈን 90 ካሬ ሜትር ጨርቅ ቢያስፈልግ ሞዴሉ ስንት ይፈልጋል? (መ) ሲወድቅ በፊልም ለማንሣት በሰከንድ ስንት ምስል ያስፈልጋል?

መልስ፦ (ሀ) 1፡15፤ (ለ) 11 ሴንቲ ሜትር፤ (ሐ) 0.4 ካሬ ሜትር፤ (መ) ወደ 93 ምስል።