ከአርባ ዓመት በኋላ እርግዝና፦ ልመርመር ወይስ ልተው?

በሚዛንና በቴፒ ዙሪያ ጥቅምትና ኅዳር የለቀማ ወራት ናቸው። ሴቱ ቅርጫቱን ይዞ ቡና ውስጥ ይውላል፣ ማታ ደግሞ የቤቱ ሥራ ይጠብቀዋል። መስከረም መጨረሻ ላይ የወር አበባዋ የቀረባት የአርባ ዓመት እናት በዚህ ሩጫ መሐል ነገሩን አታነሣውም። «ዕድሜዬ ነው፣ ሊቆም ነው» ብላ ታልፈዋለች። ሆዷ ገፋ ብሎ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ታኅሣሥ ተጋምሷል። የሚቀጥሉትን ክፍሎች በተለይ እሷን እያሰብኩ ነው የጻፍኳቸው።

በእኛ አገር ዕድሜዋ ገፍቶ የምታረግዝ ሴት ሁለት ዓይነት ናት። አንዷ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ልጇን የያዘች የገጠር እናት ናት። ሌላዋ ትምህርቱንና ሥራውን ስታስቀድም ቆይታ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች መምህርት ወይም የባንክ ሠራተኛ ናት። ስለ ጽንሱ የክሮሞዞም ምርመራ የሚነገራት ብዙውን ጊዜ ሁለተኛዋ ብቻ መሆኗ ያሳስበኛል፤ ጥያቄው የሁለቱም ነውና።

ከቡናው እንጀምር

በደቡብ ምዕራብ ጫካችን የሚበቅለው አረቢካ ቡና በእያንዳንዱ ሕዋሱ ውስጥ 44 ክሮሞዞም አለው። ሮቡስታ የሚባለው ዘመዱ ያለው 22 ብቻ ነው። አረቢካ የተፈጠረው ሁለት የቡና ዝርያዎች ተዳቅለው የሁለቱም ክሮሞዞም ሳይጎድል አብሮ ስለቀረ ነው። ተክል እንዲህ ያለውን እጥፍ ይሸከማል፤ እንዲያውም ያምርበታል።

ሰው ግን አይሸከምም። የሰው ክሮሞዞም 46 ነው፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት። አንድ ሲተርፍ የሰውነት አሠራር ይለወጣል፤ ብዙውን ጊዜም ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይወርዳል። እስከ መወለድ ሊደርሱ ከሚችሉት ዋነኞቹ የ21ኛው፣ የ18ኛውና የ13ኛው ክሮሞዞም ትርፍ ናቸው። 21ኛው ሦስት ሲሆን ዳውን ሲንድረም እንለዋለን። ስሙ የመጣው ሁኔታውን እ.ኤ.አ. በ1866 ከገለጸው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጆን ላንግደን ዳውን ነው። ምክንያቱ ትርፍ ክሮሞዞም መሆኑ የታወቀው ግን ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በፈረንሳዊው ዤሮም ለዤንና በባልደረቦቹ ሥራ ነው።

ዕድሜ ምን አገባው?

ሴት እንቁላሎቿን በየወሩ አዲስ አትሠራም። ሁሉም የተሠሩት እሷ ራሷ በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው። በአርባ ዓመቷ የምትፀንስበት እንቁላል አርባ ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ነው። በመጨረሻ ክሮሞዞሞቹን እኩል ሲያካፍል፣ በቆየ ቁጥር የመሳሳት ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ለሰባተኛ ልጅም ሆነ ለመጀመሪያ ልጅ ሒሳቡ አንድ ነው፤ የሚቆጠረው የእናቲቱ ዕድሜ ነው።

በ25 ዓመቷ የምትወልድ እናት ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከ1,250 አንድ ገደማ ነው። በ35 ዓመት ከ350 አንድ፣ በ40 ከ100 አንድ፣ በ45 ከ30 አንድ ያህል ይሆናል። አንድ መቶ እሸት ቡና ለቅማችሁ ሰፌድ ላይ ዘርጉና አንዷን ለይታችሁ አስቀምጡ። የአርባ ዓመቷ እናት ዕድል ያቺ አንዷ ፍሬ ናት። ዘጠና ዘጠኙም እዚያው ሰፌድ ላይ እንዳሉ አትርሱ። ቁጥር ሲነገራቸው አንዷን ብቻ አይተው እንቅልፍ የሚያጡ እናቶች ብዙ ናቸው።

እናትየው የበላችው፣ የተሸከመችው፣ የተቆጣችው ነገር ይህን አያመጣም። እርግማንም፣ የሰው ዓይንም፣ የባል ኃጢአትም አያመጣውም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው አማትና ጎረቤት ቡና ላይ የሚሉትን ስለማውቅ ነው።

ወጣቶችም ነጻ አይደሉም። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከ35 ዓመት በታች ካሉ እናቶች ነው፤ ምክንያቱ በዚያ ዕድሜ የሚወልዱት ስለሚበዙ ነው። ጥቂት ልጆች ላይ ደግሞ ትርፉ ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ተጣብቆ ይገኛል፤ ይህ ከወላጅ ሊወረስ ይችላል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ሴት ዕድሜዋ ሃያም ቢሆን ለሐኪሟ ትንገር።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር

የምርመራ ነገር የሳምንት ጉዳይ ነው። የሐኪም ቤቱ ሰሌዳ ያደናግራል፤ የእኛ ወር ግን ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡን ያቀልልናል። እርግዝና የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ነው፤ 280 ቀን ማለት ልክ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ነው። ጳጉሜን የሚያቋርጥ ከሆነ አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት ቀን ይቀነሳል።

የመጨረሻው የወር አበባ መስከረም 1 ቀን መጣ እንበል። የእናት ደም ለዘረመል የሚወሰደው ከ10ኛው ሳምንት፣ ማለትም ከኅዳር 11 ጀምሮ ነው። የጽንሱ የማጅራት ፈሳሽ በአልትራሳውንድ የሚለካው ከኅዳር 18 እስከ ታኅሣሥ 8 ብቻ ነው። የሽርት ውሃ ምርመራ ከታኅሣሥ 16 ወዲህ ነው። አካሉን ከራስ እስከ እግር የሚያየው አልትራሳውንድ ከጥር 7 እስከ የካቲት 5 ቢሆን ጥሩ ነው። መውለጃው ሰኔ 11 ገደማ ነው፤ ዝናቡና ጭቃው በበረታበት ጊዜ። ታኅሣሥ ሲጋመስ የመጣችው እናት ታዲያ ያመለጣት የማጅራቱ ልክ ነው፤ ሌላው አላመለጣትም። ቀኑን የማታስታውስ ከሆነ ቀደም ብሎ የሚነሣ አልትራሳውንድ ይነግራታል።

ምርመራዎቹ ምን ያውቃሉ፣ ምን አያውቁም

እ.ኤ.አ. በ1997 ዴኒስ ሎ የተባለ የሆንግ ኮንግ ተወላጅ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የጽንሱ ዘረመል ቁርጥራጭ በእናቱ ደም ውስጥ እንደሚገኝ አሳየ። ከዚያ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ምርመራው ለእናቶች ቀረበ። ከእናትየው ክንድ ደም ይቀዳል፣ ጽንሱ አይነካም፣ ውርጃም አያስከትልም። ቁርጥራጮቹ የሚመጡት ግን ከእንግዴ ልጁ ነው። እንግዴ ልጁና ጽንሱ አልፎ አልፎ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ውጤቱ ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ይህን በቁጥር ካላየነው አይገባንም። 10,000 የአርባ ዓመት እናቶች ተመረመሩ እንበል። 100ዎቹ ዳውን ሲንድረም ያለበት ጽንስ አላቸው፤ ምርመራው 99ኙን ያገኛል። ከቀሩት 9,900 ከሺህ አንዷን በስህተት «አለብሽ» ቢላት ወደ 10 እናቶች ይሆናሉ። «አለ» ከተባሉት 109 እናቶች 99ኙ እውነት ነው። አሁን 10,000 የ25 ዓመት ሴቶችን እንውሰድ። 8ቱ ብቻ እውነተኛ ናቸው፤ በስህተት የሚያዙት ግን እነዚያው 10 ናቸው። «አለ» ከተባሉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የለባቸውም ማለት ነው። መሣሪያው ያው ሆኖ ሳለ የውጤቱ ክብደት ከእናትየው ዕድሜ ጋር ይለወጣል። በዚህ ወረቀት ብቻ እርግዝና ማቋረጥ ስህተት ነው የምለው ለዚህ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የጽንሱ ቁርጥራጭ አንሶ መልስ ሳይሰጥ ይመለሳል፤ ይህ በተለይ ክብደታቸው በጨመረ እናቶች ላይ ያጋጥማል።

ቁርጡን የሚናገረው የሽርት ውሃ ምርመራ ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ቀጭን መርፌ በሆድ በኩል ያስገባና ጥቂት ውሃ ይቀዳል። በለመደ እጅ ሲሠራ ውርጃ የማስከተል ዕድሉ ከመቶ አንድ በታች ነው። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ የሆነ እናት ግን መርፌው ከመግባቱ በፊት ይህን ትናገር፤ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋታል።

ደሙ ከየት ወዴት?

ሚዛን አማን የሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል የእርግዝና አልትራሳውንድና ክትትል የሚገኝበት ቅርብ በር ነው። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ መንገዱ በቦንጋ በኩል ወደ ጅማ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ከሚዛን አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጽንስ ሕክምና ልዩ ሐኪሞች ከሚሠለጥኑባቸው ተቋማት አንዱ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ነው። የእናት ደም ለዘረመል የሚመረመረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የግል ላቦራቶሪዎች ናሙናውን ወደ ውጭ አገር ልከው ነው። ከቴፒ የተነሣች እናት የመንገዱን፣ የማደሪያውን፣ የምርመራውንና የመልሱን ጥበቃ አስባ ትነሣ። ዋጋውንና ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን አስቀድማ በስልክ ብትጠይቅ ከከንቱ ጉዞ ትድናለች።

ክንድሽን ከመዘርጋትሽ በፊት

ትልቁ ጥያቄ ይኸውልሽ፦ መልሱ «አለ» ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ? ይህን ከባልሽ ጋር፣ የምታምኚያቸው ከሆነ ከንስሐ አባትሽ፣ ከፓስተርሽ ወይም ከኢማምሽ ጋር ከምርመራው በፊት ተነጋገሪ። ውጤት ከመጣ በኋላ ማሰብ ይከብዳል።

«የመጣው ልጅ ልጄ ነው፣ ምንም ቢሆን አሳድገዋለሁ» የምትል እናት ያንን ገንዘብና መንገድ ለደም ምርመራው ባታውለው ምንም አላጎደለችም። ለእሷ የምመክረው የጥር ወሩን አልትራሳውንድ ነው፤ ልብን በደንብ የሚያይ። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ ይህ አስቀድሞ ከታወቀ የመውለጃው ቦታ ይመረጣል። «ሳላውቅ ዘጠኝ ወር መቆየት አልችልም» የምትል እናትም አለች። እሷን እምነት ጎደላት ማለት አይገባም፤ ኅዳር ሳያልፍ ትሂድ እላለሁ።

ሕጉን በሚመለከት፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 እርግዝና በሕክምና ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይደነግጋል፤ ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ሲኖርበት የሚለው አንዱ ነው። አንቀጹ የሕመሞችን ስም አይዘረዝርም። ስለዚህ ነገሩ በእናቲቱና በሐኪሟ መካከል የሚታይ ነው፤ ባል ወይም አማት የሚያዝበት፣ አዋላጅ የምትገፋፋበት ጉዳይ አይደለም። ምርመራው የጽንሱን ጾታ ስለሚናገርም «ሴት ናት ወይስ ወንድ?» ለማለት ብቻ እንዳይወሰድ አደራ እላለሁ።

ልጁ ቢወለድስ?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ 60 ደርሷል። ያራዘመው የልብ ቀዶ ሕክምናና ልጆቹን ከቤተሰብ ሳይነጥሉ ማሳደግ ነው። ዘግይተው ይቀመጣሉ፣ ዘግይተው ይናገራሉ፣ ግን ይማራሉ፣ ይሠራሉ፣ ይወዳሉ። መጋቢት 12 ቀን የዓለም ዳውን ሲንድረም ቀን ሆኖ የተመረጠው በፈረንጆቹ የሦስተኛው ወር 21ኛ ቀን ስለሆነ ነው፤ ሦስት ጊዜ 21። በጓዳ ተደብቆ የሚያድግ ልጅ ከሐኪምም ከትምህርትም ይርቃል። ሕፃኑን ወደ ክትባት ስትወስጂው ልቡ እንዲታይ፣ የታይሮይድ ምርመራም እንዲደረግለት ጠይቂ።

ከዘረመል በፊት የሚመጣው

አርባ ዓመት የሞላትን ነፍሰ ጡር በብዛት የሚያሰጋት ክሮሞዞም አይደለም። የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመምና ስትወልድ የሚፈስ ደም ነው፤ ብዙ ለወለደች እናት ደግሞ የመጨረሻው ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ነፍሰ ጡሮች ስምንት ጊዜ እንዲታዩ፣ ከ24ኛው ሳምንት በፊትም አንድ አልትራሳውንድ እንዲነሡ መክሯል። መስከረም 1 ብለን በጀመርነው ሒሳብ ይህ ከየካቲት 19 በፊት ማለት ነው። ግፊት ሊይዛት የሚችል እናት ሐኪም ካዘዘላት በትንሽ መጠን አስፒሪን ከ20ኛው ሳምንት በፊት ትጀምራለች፤ ራሷ ገዝታ ግን አትጀምር።

በአገራችን በብዛት የሚታይ ሌላም አለ፤ የነርቭ ዘንግ ክፍተት። ይህ ከእናት ዕድሜ ጋር የተያያዘ አይደለም፣ የደም ዘረመል ምርመራውም አያየውም። የሚያየው አልትራሳውንድ ነው፤ ብዙውን የሚከላከለው ደግሞ ከመፀነስ በፊት የተጀመረ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ነው። ክፍተቱ የሚፈጠረው ከተፀነሰ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜ እናትየው ማርገዟን ከማወቋ በፊት ስለሆነ፣ «አንድ ልጅ ልጨምር» ብላ ያሰበች ሴት ክኒኑን ከዚያው ቀን ትጀምር።

በየትኛው ቋንቋ ተነገራት?

ቤንችኛ፣ ሸካኛ፣ ካፍኛ ወይም ሼኮኛ አፏን የፈታችበት እናት «ከመቶ አንድ» የሚለውን በአማርኛ ሰምታ ራሷን ብትነቀንቅ ገባት ማለት አይደለም። አስተርጓሚ ሆኖ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ባል ወይም ትልቋ ልጅ ነው፤ ባል የሚፈራውን ያስቀራል፣ ልጅ የምታፍረውን ታልፋለች። ቋንቋዋን የምትናገር አዋላጅ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትፈለግላት። የሰማችውን መልሳ በራሷ አነጋገር እንድትነግረን እንጠይቃት። ሰፌዱንና መቶውን እሸት ቡና ፊቷ አስቀምጡላት፤ አንዷን ፍሬ ራሷ ታንሣት።