ልብ በድንገት ሲቆም፦ የኮሌጅ ተማሪዎች ዝግጁነትና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

ድንገተኛ የልብ መቆም የሚባለው የልብ የኤሌክትሪክ ሥርዓት ታውኮ ልብ ደም መርጨቱን ሲያቆም ነው። ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል፤ ቢጠሩት አይሰማም፤ ትንፋሹ ይቆማል፣ ወይም አልፎ አልፎ እንደ ማጣጣር ያለ ድምፅ ብቻ ያሰማል። ብዙዎች ይህን ማጣጣር «እየተነፈሰ ነው» ብለው ስለሚተረጉሙት ውድ ደቂቃዎች ያልፋሉ። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ከቆየ መጎዳት ይጀምራል። ደረቱን የሚጫንለት ካልተገኘ የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አምቡላንስ ሊደርስበት የሚችል አጥቢያ ጥቂት ስለሆነ፣ ሕይወቱ በአጠገቡ በቆመው ሰው እጅ ናት።

በአጥቢያችን ይህን ለመሥራት ከሁሉ የቀረቡት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ክንዳቸው ብርቱ ነው፤ በግቢ ጉባኤና በሰንበት ትምህርት ቤት የተደራጁ ስለሆኑም ለመጥራት አያስቸግሩም። ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ዴንማርካዊው ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን በኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ወድቆ፣ ደረቱ ወዲያው ተጭኖ፣ ልቡም በኤሌክትሪክ መሣሪያ ተመልሶ ሲተርፍ ብዙዎቹ በቴሌቪዥን ተመልክተዋል። ነገር ግን ስለ ልብ አሠራር በክፍል ተምሮ ፈተና ያለፈ ተማሪ፣ እጁ በአንድ ደረት ላይ አርፎ የማያውቅ ከሆነ፣ ሰው ሲወድቅ እንደ ሌላው ሕዝብ ቆሞ ማየቱ አይቀርም። የሚጎድለው ልምምድ ነው።

ልምምዱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ማሠልጠኛ አሻንጉሊት ባይገኝ፣ የጤና ባለሙያ እያረመ በጠንካራ ትራስ ላይ መጀመር ይቻላል። የወደቀው ሰው በጀርባው በጠንካራ ወለል ላይ ይተኛል፤ የአንዱ እጅ መዳፍ ሥር በደረት አጥንቱ ታችኛ አጋማሽ ላይ ያርፋል፤ ሁለተኛው እጅ በላዩ ይደረባል። ክርን ሳይታጠፍ፣ ደረቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እስኪወርድ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል፤ በየመካከሉም ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ይለቀቃል። ይህ ሥራ ጎልማሳን እንኳ ያደክማልና በየ2 ደቂቃው መቀያየር ይገባል። በጥምቀተ ባሕር ውኃ ለበላው ሰው ግን መጫኑ ብቻ አይበቃም፤ የአፍ ለአፍ ትንፋሽም ያስፈልገዋል።

በዐቢይ ጾም ከረጅም ስግደት በኋላ ራሱን የሚስት ሰው ብዙ ነው። እርሱ ግን ይተነፍሳል፤ ሲያስተኙትም ብዙም ሳይቆይ ይነቃል። መለያው ትንፋሹ ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ልብን አያስነሣም፤ በአፍ ውኃ ማድረግም ይጎዳል። ካህኑ በራስጌው ሆነው ጸሎት ሲያደርሱ፣ ጠበልም ሲረጩ፣ ተማሪው ደረቱን መጫኑን አያቋርጥም። አንዱ ከሌላው ጋር የሚጋጭበት ምክንያት የለም። ሕዝቡ ገለል እንዲል ከማንም በላይ የሚሰማው የካህኑ ድምፅ ስለሆነ፣ አባቶች በዚህ በኩል የሚሰጡት አገልግሎት ከሠልጣኙ ሥራ አያንስም።

በሥርዓታችን ወንዶችና ሴቶች በየመቆሚያቸው ስለሚቆሙ ሠልጣኞች ከሁለቱም ወገን ይመረጡ። ወንድ ተማሪ የአንዲት እናት ደረት ለመንካት ሊያፍር፣ ሕዝቡም ሊቈጣው ይችላል። በልብሷ ላይ ሆኖ መጫን ስለሚቻል መግለጥ አያስፈልግም። የሠለጠነች እኅት በአቅራቢያ ከሌለችም ወንድሟ መጠበቅ የለበትም፤ ይህንም አስተዳዳሪው አስቀድመው በዐውደ ምሕረት ቢናገሩ ተማሪው በዚያች ሰዓት ከሐሜት ይድናል።

ሰበካ ጉባኤው ለእያንዳንዱ ክብረ በዓል አራት ሰዎችን ይመድብ፦ ሁለቱ እየተቀያየሩ ይጫናሉ፤ አንዱ በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ይጠራል፤ አራተኛው በቅጽሩ በር ቆሞ አምቡላንሱን ይመራል። እጅ የለመደውን በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚረሳ፣ ልምምዱ ከጥምቀትና ከሰሙነ ሕማማት በፊት በየዓመቱ ይደገም።