የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመምና የፊዚዮቴራፒ የእጅ ሕክምና
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

በቦሌ መድኃኔዓለምም ሆነ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት አጥቢያዎች በዐቢይ ጾም ወራት ላስተዋለ ሰው፣ ሰግደው ለመነሣት የጎረቤታቸውን ትከሻ የሚይዙ እናቶችና መቋሚያቸውን ተደግፈው አንድ እግራቸውን የሚያሳርፉ አባቶች ጥቂቶች አይደሉም። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሚኖሩት አረጋውያንም ደረጃውን መውረድ እያስጨነቃቸው ከቅዳሴ የሚቀሩ አሉ። ብዙዎቹ «እርጅና ነው» ብለው ይተዉታል። ሕመሙ ግን ስም አለው፤ ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል፤ የሚያስታግሰው ሕክምናም አለ።

የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ እየሳሳ ሲሄድ መገጣጠሚያው ይጠነክራል፤ ጉልበቱም ሙሉ በሙሉ መዘርጋትና መታጠፍ ይሳነዋል። ታማሚው ሕመሙን ፈርቶ እግሩን ሲቆጥብ የጭኑ የፊት ጡንቻ ይደክማል፤ ጡንቻው በደከመ መጠን ሸክሙ በመገጣጠሚያው ላይ ይበረታል፤ ሕመሙም ይብሳል።

የእጅ ሕክምናው የሚጀምረው ጥንካሬውን በማላላት ነው። ታማሚው በጀርባው ተኝቶ ከጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ይደረግለታል። ባለሙያው የጉልበቱን ሎሚ በጣቶቹ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ ያንሸራትታል። ቀጥሎ የቅልጥሙን አጥንት በጭኑ አጥንት ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሳል፤ ጉልበቱንም እስከሚዘረጋበትና እስከሚታጠፍበት ወሰን ቀስ በቀስ ያደርሰዋል። እንቅስቃሴው ተደጋጋሚ ነው፤ ሲጀመር ትንሽና ለስላሳ፣ ሕመሙ ሲበርድ ጠለቅ ያለ ይሆናል። የጭንና የባት ጡንቻዎች ይታሻሉ፤ ዳሌና ቁርጭምጭሚትም ይመረመራሉ። ሕመሙ እስከ ማግስቱ ብሶ ከዋለ ጫናው በዝቷልና ለባለሙያው መንገር ይገባል፤ እዚህ ላይ ትዕግሥት አይጠቅምም።

እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ቴክሳስ በሚገኝ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል በ83 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። የእጅ ሕክምናንና የአካል እንቅስቃሴን በአንድነት ለአራት ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያገኙት ከዓመት በኋላ ለጉልበት ቅየራ ቀዶ ሕክምና የደረሱት 5 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ የማስመሰያ ሕክምና ካገኙት ግን 20 በመቶ ደርሰዋል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2005 ያወጡት ሁለተኛ ጥናት ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል። በአራተኛው ሳምንት የእጅ ሕክምና የተጨመረላቸው 52 በመቶ፣ በቤታቸው እንቅስቃሴ ብቻ የሠሩት 26 በመቶ ተሻሻሉ፤ በዓመቱ ግን ሁለቱም ወገኖች ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ የባለሙያው እጅ እፎይታውን ያፋጥናል፤ የሚያጸናው ግን እንቅስቃሴው ነው። በየሳምንቱ ለክሊኒክ መክፈል የማይችል ምእመን ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም።

እንቅስቃሴው ቀላል ነው። እግርን ዘርግቶ፣ ከጉልበት ሥር ፎጣ አድርጎ የጭንን ጡንቻ በማጥበቅ ፎጣውን ለአምስት ሰከንድ ወደ ታች መጫን፤ ከዚያም ከጠንካራ ወንበር፣ ቢቻል በእጅ ሳይደገፉ፣ አሥር ጊዜ ያህል በዝግታ መነሣትና መቀመጥ። በአቅም ልክ ይጀመራል፤ በየቀኑ ይሠራል።

ስለ ወጌሻም ሳይነሣ አይታለፍም። የእጅ ልምዳቸውን ማናናቅ አይገባም፤ ነገር ግን ያበጠን ጉልበት በኃይል መጎተትና ማሸት ይጎዳል። በተለይ ጉልበቱ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ከወደቁ በኋላ እግሩ አልረግጥ ካለ ወይም ባት በድንገት ካበጠ፣ ሳይታሽ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

የንስሐ አባቶች በዚህ ጉዳይ ታላቅ ድርሻ አላቸው። በርካታ አረጋውያን ሐኪም «አትስገዱ» ቢላቸውም ያለ አባታቸው ቃል አይተዉም፤ ሕመማቸውንም ይደብቃሉ። ካህኑ ቀድሞ ቢጠይቃቸውና እንደ አቅማቸው እንዲያጎነብሱ ቢፈቅድላቸው ጉልበታቸው ያርፋል። መቋሚያም ለመራመጃ ሲያገለግል ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይያዛል፤ ብዙዎቻችን የምንይዘው በታመመው በኩል ነው። ደረጃ ሲወጡ ደኅናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የታመመው።

ሰበካ ጉባኤያትም ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ መደገፊያ ያላቸው ከፍ ያሉ አግዳሚ ወንበሮችን ያኑሩ፤ በደረጃዎች ላይ የእጅ መያዣ ብረት ያስተክሉ። በአጥቢያው ፊዚዮቴራፒስት የሆነ ምእመን ቢገኝ፣ በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ እንቅስቃሴውን እንዲያስተምር ይጋበዝ።