የልደትና የሞት ቍጥር ለሕፃናት ጤና ያለው ጥቅም

ነጋዴ ሒሳቡን ሳይዝ ትርፉንና ኪሳራውን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። እንደዚሁም አንድ ሕዝብ የተወለዱለትንና የሞቱበትን ሳይቈጥር የጤናውን ሁኔታ በትክክል ሊያውቅ አይችልም። ይሁን እንጂ ጠቅላላውን ድምር ማወቅ ብቻ አይበቃም። የሞተው ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ሞተና በምን ምክንያት እንደ ሞተ ለይቶ መመርመር ያስፈልጋል።

ለምሳሌ፣ በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ይህ ቍጥር ወደ 67 ወረደ። ይህ በእውነት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የ2016ቱ ጥናት ያለፉትን ዐሥር ዓመታት በየክልሉ ለይቶ ሲመለከት በአዲስ አበባ 39፣ በሐረሪ 72፣ በድሬዳዋ 93፣ በአፋር 125 ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አማካይ ቍጥር የአንዱን ደኅንነት ከሌላው ጕዳት ጋር ቀላቅሎ ስለሚያሳይ፣ ወደ ኋላ የቀረውን ይሸፍነዋል።

ይህን መጋረጃ ለመግለጥ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሐረር በስተምዕራብ በምትገኘው በቀርሳ ወረዳ በ2007፣ በሐረር ከተማም በ2012 የነዋሪዎችን ጤና የመከታተያ ሥራ አቋቋመ። መዝጋቢዎች በየቤቱ እየዞሩ ልደትን፣ ሞትን፣ መምጣትንና መሄድን ይጽፋሉ። ከዚህም ሌላ ዩኒቨርሲቲው ከለንደን የንጽሕናና የሐሩር አገር ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር በመተባበር የሕፃናትን ሞት ምክንያት በሚመረምር ማኅበር ገባ። በዚህም ማኅበር ባንግላዴሽ፣ ኬንያ፣ ማሊ፣ ሞዛምቢክ፣ ሴራሊዮንና ደቡብ አፍሪካ ተካፋዮች ሆኑ። አንድ ሕፃን ሲሞት ወይም ሞቶ ሲወለድ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ከአስከሬኑ በመርፌ ጥቂት ናሙና ይወሰዳል። ሐኪሞችም ውጤቱን በአንድነት መርምረው ምክንያቱን ይወስናሉ። በሰባቱም አገሮች አሠራሩ አንድ በመሆኑ የአንዱን ውጤት ከሌላው ጋር ማመዛዘን ይቻላል።

ከዚህ ምርመራ የተገኘው ትምህርት ለእኛ ከባድ ነው። በ2023 በወጣው ጥናት፣ የሕፃኑ አንጐልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠራበት የነርቭ ቧንቧ ሳይገጥም በመቅረቱ የሚደርሰው ሞት ከሰባቱ አገሮች ይልቅ በዝቶ የታየው በኢትዮጵያው ስፍራ፣ ማለት በሐረርና በአካባቢዋ ነው። ይህ ጕድለት በአብዛኛው ሊከለከል የሚችል ነው። ቧንቧው የሚዘጋው ከፅንስ በኋላ በ28 ቀን ገደማ፣ ብዙዎች እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። ስለዚህ ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን አስቀድሞ በሰውነት መገኘት አለበት። በአሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በዱቄት ውስጥ እንዲጨመር ስለ ታዘዘ፣ እናትየዋ ሳታስበው ከዳቦዋ ታገኘዋለች። በሐረርጌ ገጠር ግን ማሽላና በቆሎ በየሰፈሩ ወፍጮ ስለሚፈጭ፣ ከፋብሪካ ዱቄት የሚገኘው ጥቅም በቀላሉ አይደርስም። የሁለቱ ሕፃናት ዕድል የተለያየው በተፈጥሮ ሳይሆን በእንጀራቸው ነው።

ስለዚህ መምህራንና የከተማችን ነዋሪዎች የሚከተለውን እንድትፈጽሙ እናሳስባለን።

1ኛ፤ መዝጋቢ ወደ ቤት ሲመጣ እውነቱን ንገሩት። ሞቶ የተወለደውንና ስም ሳይወጣለት ያረፈውን ሕፃን አትደብቁ። ያልተጻፈ ሞት መድኃኒት አይፈለግለትም።

2ኛ፤ በአገራችን ልማድ ቀብር ስለሚፋጠን፣ የሞት ወሬ ሳይዘገይ ይነገር። ናሙና ለመስጠት መፍቀድም ሆነ አለመፍቀድ የቤተሰቡ መብት ነው። ፈቃዱን የሰጠ ቤተሰብ የምርመራውን ውጤት ይጠይቅ።

3ኛ፤ ለማርገዝ የምታስብ ሴት በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከማርገዟ አስቀድማ ጀምራ እስከ ሦስተኛው ወር እንድትወስድ ከጤና ጣቢያ ምክር ትጠይቅ። ምስር፣ ባቄላና ጎመን ይረዳሉ፤ ነገር ግን ክኒኑን አይተኩም።

4ኛ፤ መምህራን ይህን ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ለሴቶችም ለወንዶችም፣ አስረዱ። ከጀጐል ቅጥር ውስጥ የተማረው ልጅ ለገጠር ዘመዱ ቃሉን ያደርሳል።

የውጭ አገር ሊቃውንት መሣሪያና ዕውቀት ሊያዋጡ ይችላሉ። የሞተውን ሕፃን የሚያውቀው ግን ቤተሰቡና ጎረቤቱ ነው፤ ሥራውም የሚጀመረው ከእነርሱ ቃል ነው።