በሰንሰለት የተለካች ምድር

በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ አዮዋ የምትባል ግዛት አለች። በምሥራቅዋ የሚሲሲፒ ወንዝ፥ በምዕራብዋም የሚዙሪ ወንዝ ይፈሳል። አገሩ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ አፈሩም ጥቁርና ለም ነው። ረዥም ሣር ለብዙ ሺህ ዓመታት እየበቀለ፥ ሥሩም በምድር ውስጥ እየበሰበሰ አፈሩን አወፈረው።

በ1785 ዓመት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የአሜሪካ መንግሥት ለሽያጭ የሚቀርብ ምድር ኹሉ አስቀድሞ እንዲለካ ሕግ አወጣ። አዮዋም በኋላ በዚሁ ሥርዓት ተለካች። ለኪዎቹ 20 ሜትር ያህል የሚረዝም የብረት ሰንሰለት እየዘረጉ ሜዳውን እንደ ሰንጠረዥ ገበታ በአራት ማዕዘን ከፈሉት። ከነዚህ ታላላቅ አራት ማዕዘኖች አንዱ ታውንሺፕ ይባላል። የአንዱ ወገን ርዝመት 6 ማይል ነው፤ ይህም 10 ኪሎ ሜትር ያህላል። ታውንሺፕም ደግሞ በ36 ክፍል ይከፈላል። አንዱ ክፍል 640 ኤክር ነው፤ በጥንቱ የኢትዮጵያ ልክ ስድስት ጋሻ ተኩል ያህል ይሆናል።

ከ36ቱ መካከል 16ኛው ክፍል ለትምህርት ቤት ተለየ። በብዙ ስፍራ ገና ቤት ሳይሠራ፥ ገና ልጅ ሳይወለድ፥ የሚመጡት ልጆች ድርሻ ተቀመጠ። ይህ መልካም አሳብ ነበር።

ነገር ግን ምድሪቱ ባዶ አልነበረችም። መስኳኪ የሚባል ሕዝብ አስቀድሞ በዚያ እያደነና በቆሎ እየዘራ ይኖር ነበር። መስኳኪዎች ከሳክ ሕዝብ ጋር በ1842 በተደረገው ውል በአዮዋ የቀረላቸውን ምድር ለቀው ወደ ካንሳስ እንዲሄዱ ሆነ። በስፍራቸውም ከምሥራቅ አሜሪካ፥ ከጀርመን፥ ከኖርዌይና ከአየርላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ገቡ።

ከመስኳኪዎች አንዳንዶቹ ግን አገራቸውን ሊረሱ አልቻሉም፤ ተመልሰው መጡ። በ1857 ገንዘብ አዋጥተው በታማ ካውንቲ 80 ኤክር ገዙ። ይህ የአንድ ክፍል ስምንተኛ እጅ ብቻ ነበር። ቀድሞ የራሳቸው የነበረውን ምድር በዋጋ ገዙት! ከዚያም ወዲህ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ዛሬ ከ8000 ኤክር የሚበልጥ መሬት አላቸው፤ የአንድ ታውንሺፕ ሲሶ ያህላል።

ሰፋሪዎቹም እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በገዛ እርሻው ላይ ቤቱን ሠራ። መንገዶቹም በክፍሎቹ ድንበር ላይ ቀጥ ብለው ተሠሩ። በኋላ ትራክተር በመጣ ጊዜ ብዙ ሰዎች ያርሱት የነበረውን እርሻ አንድ ሰው ማረስ ቻለ። ስለዚህ ብዙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄዱ። በ1920 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ የከተማ ሰው ከገጠር ሰው በዝቶ ተገኘ። ዛሬ በብዙ የአዮዋ ታውንሺፕ የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻው ሰፊ ነው፤ የሚኖርበት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሰንሰለት የምድርን ርዝመትና ስፋት ይለካል፤ እውነተኛ ፍርድን ግን አይለካም። ምድርን የሚያካፍል ሰው ወደ ፊት ለሚመጣው ልጅ ማሰቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ በምድሪቱ ለነበረውም ሊያስብ ይገባዋል።

ጥያቄ።
1፤ ታውንሺፕ በስንት ክፍል ይከፈላል?
2፤ 16ኛው ክፍል ስለ ምን ተለየ?
3፤ መስኳኪዎች በ1857 የገዙት ምድር ቀድሞ የማን ነበር?