ያለ ስብሰባ የሚገነባ የባለሙያ ትስስር
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

አንድ አጥቢያ የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር፣ ወፍጮ ሊተክል ወይም የእህል መጋዘን ሊሠራ ሲያስብ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። «ሥራውን የሚያውቀው ማን ነው? እንዴትስ እናገኘዋለን?» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ባለሙያ ሳይማከር የቆመ ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ ጥልቀቱ ሳይለካ የተገዛ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሳይሠራ ይቀመጣል። በዚህ የሚባክነው ምእመናን ከጉሮሯቸው ቀንሰው የሰጡት ዐሥራትና መባ ነው።

ባለሙያን ለማወቅ የግድ ዐውደ ጥናት መጠራት ያስፈልጋል ብለው የሚጠብቁ ኮሚቴዎች አሉ። ጥሪው ሲመጣ ግን ጊዜው የአጨዳ ይሆናል፤ የመጓጓዣው ወጪም ይከብዳል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ከአጥቢያችን ሳንርቅ የባለሙያ ትስስር እንዴት እንደሚገነባ እንመለከታለን።

የአባቶቻችን መንገድ

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአብነት ተማሪ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለቅኔ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ይሄድ ነበር። በደረሰበት ሁሉ «የማን ተማሪ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። የመምህሩ ስም መታወቂያው፣ ያስመሰከረው ትምህርት ዋስትናው ነበር። አብረው ቁራሽ የለመኑ ተማሪዎች በኋላ በየአድባራቱ መሪጌታ ሲሆኑ፣ አንዱ ለሌላው መጽሐፍ ያውሳል፤ ደቀ መዝሙሩንም ይልካል። ይህን ሰፊ ትስስር የመሠረተው አንድም ስብሰባ አልነበረም፤ የተመሰከረለት ሙያ፣ የታመነ አስተዋዋቂና ለዓመታት የጸና ወዳጅነት እንጂ።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ሮም ገና ሳይሄድ በመልእክቱ መጨረሻ ብዙ ሰዎችን በየስማቸው ሰላም ብሏል፤ የክንክራኦሷን አገልጋይ ፌቤንንም አደራ ብሎ አስተዋውቋል። እርሱ ራሱ በኢየሩሳሌም ያሉ ደቀ መዛሙርት በፈሩት ጊዜ ወደ ሐዋርያት ያቀረበው በርናባስ ነበር።

የሩቅ ትውውቅ ጥቅም

ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ በሰው ጥቆማ ሥራ ያገኙ ሰዎችን መልስ አቅርቧል። ጠቋሚያቸውን አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከ100 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንድ ጊዜ የሚያገኙት ሰው ነው የጠቆማቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው። አዲስ ወሬ የሚያመጣው በሌላ መንደር የሚውለው ነው።

አረርቲን እንደ ምሳሌ

የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን አረርቲን እንመልከት። የዞኑ መቀመጫ ደብረ ብርሃን ቢሆንም፣ የወረዳው ጤፍና ሽንብራ ወደ ሞጆና ወደ አዲስ አበባ ገበያም ይወርዳል። እህል የሚጭነው ነጋዴና ሹፌሩ በየሳምንቱ እኛ የማንደርስበት ይደርሳሉ። የሸንኮራ ዮሐንስ ጸበልም ከሩቅ አገር ምእመናንን ይሰበስባል፤ ከእነርሱ መካከል መሐንዲስ፣ ነርስና መምህር አይጠፋም። ይሁን እንጂ ለጸሎትና ለፈውስ የመጣን ሰው በጥያቄ ማስጨነቅ አይገባም። አስተናግደን ከሸኘነው፣ በወዳጅነት የሚመለስበት ጊዜ ይመጣል።

ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት የሽንብራ ዝርያዎች አንዱ «አረርቲ» ይባላል። የከተማዋ ስም በተመራማሪዎች መዝገብ ገብቷል ማለት ነው። የአጥቢያው ገበሬ ግን ሽንብራው በበሽታ ሲደርቅ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለበት ያውቃል ወይ? በምርምር ማዕከሉና በማሳው መካከል ያለው ድልድይ የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ነው። እርሱም ምናልባት በየእሑዱ ከእኛ ጋር የሚያስቀድስ ሰው ነው።

በተግባር የሚፈጸሙ ስድስት ነገሮች

1. ያለንን እንመዝግብ። በምእመናን መዝገብ ላይ፣ ባለቤቱን አስፈቅደን፣ ሙያውን እንጨምር። ግንበኛውን፣ ኤሌክትሪሻኑን፣ የሒሳብ ሠራተኛውን፣ ከአጥቢያው ወጥተው በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር የሚኖሩትንም እንጻፍ።

2. ከመጠየቅ በፊት እንስጥ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናቶችን የምታስተምርበት ቦታና ሰዓት ትሻለች። ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ብንሰጣት ሥራዋን አገዝናት፤ እርሷም አወቀችን።

3. ጥያቄያችን ቁርጥ ያለ ይሁን። «እርዱን» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም። «ጉድጓዳችን 40 ሜትር ጥልቀት አለው፤ የኤሌክትሪክ መስመር የለንም፤ ምን ዓይነት መሳቢያ ይስማማናል?» ብንል ግን ባለሙያው በአጭር ጊዜ ሊመልስልን ይችላል።

4. በአስተዋዋቂ እንሂድ። የማያውቀንን ሰው በድንገት ከምንደውልለት፣ የንስሐ አባቱ ወይም የማኅበሩ ሰው አስቀድሞ ይንገርልን። አስተዋዋቂውን እንዳናሳፍር ቀጠሮ እናክብር።

5. ውጤቱን እንመልስ። ምክር የሰጠንን ሰው ሥራው ምን እንደ ደረሰ እናሳውቀው፤ ባይሳካም እንኳ እንንገረው። ከጥቅም በኋላ የሚጠፋ ሰው ሁለተኛ አይመከርም።

6. ትውውቁ የአጥቢያው ይሁን። ስልክ ቁጥሩ ሁሉ በአንድ ጸሐፊ ኪስ ካለ፣ ጸሐፊው ሲለወጥ የዓመታት ድካም አብሮት ይሄዳል። በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ይጻፍ፤ በርክክብ ጊዜም ይተላለፍ።

ጥንቃቄ

ትስስር ወደ አድልዎ እንዳይለወጥ እንጠንቀቅ። መካሪያችን የሆነው ባለሙያ ሥራውንም ለራሱ ወይም ለዘመዱ ከፈለገ፣ እንደ ማንኛውም ተወዳዳሪ ዋጋውን በጽሑፍ ያቅርብ፤ ውሳኔውም በጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ምክርና ጨረታ ከተቀላቀሉ ምእመኑ እምነቱን ያነሣል፤ የተነሣ እምነት ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

ስብሰባን መናቃችን አይደለም። ጥሪ ሲመጣ እንሄዳለን፤ ግን ጥሪ እስኪመጣ ሥራችንን አናቆምም። የምንፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ ከዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሟል፤ ወይም እርሱን የሚያውቅ ሰው በሰንበቴው ከእኛ ጋር ተቀምጧል።

የውይይት ጥያቄዎች

ሀ. ባለፈው ዓመት በአጥቢያችን ባለሙያ ባለመማከር የባከነ ሥራ ነበር ወይ? ማን ሊያማክረን ይችል ነበር?
ለ. ከአጥቢያችን ተወልደው በሌላ ቦታ የሚያገለግሉ አምስት ባለሙያዎችን መጥቀስ እንችላለን? በመጨረሻ ያነጋገርናቸው መቼ ነው?
ሐ. እኛ ለሌላ አጥቢያ ምን ሙያ ልናካፍል እንችላለን?

እስከ ሚቀጥለው ዕትም እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የሙያ መዝገቡን እንዲጀምርና ቢያንስ ለአንድ መካሪ የምስጋና መልእክት እንዲልክ አደራ እንላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።